በዓይን የተቀጠፈ አደይ

በቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖሩ የነበሩት ጡረተኛዋ መምህርት እትዬ ጫልቱ አርፈዋል። መርዶውን ከጎረቤት ሁሉ ቀድመው የሰሙት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዳቸው በራቸው ላይ ተሰብስበው «አካም ቡልታን፣ ልጆቼ?» የሚለውን ሰላምታ ሲጠብቁ፣ የወጡት የእትዬ ጫልቱ እህት ነበሩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ልጄ ሲፈን ሮጣ መጥታ ነገረችኝ። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ ማልቀስ ብቻውን አልበቃኝም።

እትዬ ጫልቱ ጡረታ ከወጡ በኋላ ቅዳሜያቸውን ለሰፈሩ ልጆች ሰጡ። ሩቅ አይወስዷቸውም ነበር። ከአስፋልቱ ዳር ያለው ቦይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ ቤት ያልተሠራበት ባዶ ቦታ ይበቃቸዋል። ወፍ ሲያዩ «እስክትረሳችሁ ተቀመጡ» ይላሉ፤ አበባ ሲያገኙ ደግሞ «በዓይናችሁ ቅጠፉ»። ያን ጊዜ ልጆቹ ደህና አድርገው ያዩና ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ፤ ቀለሙን፣ ቅርጹን፣ ላዩ ላይ የነበረችውን ንብ ሳይቀር። አንዱ አደይ ነው፣ ሌላዋ በኦሮምኛው ኬሎ ነው እያሉ ሲከራከሩ፣ አበባው በሁለቱም ስም ቢጠሩት ደስ እንደሚለው ይነግሯቸው ነበር።

እኔ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ሸሽቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ወፍ ማለት ለእኔ የታጠበ ልብስ የምታበላሽ ፍጥረት ነበረች። አንድ ቅዳሜ ሲፈን ለምሳ ሳትመጣ ስትቀር ተቆጥቼ ፍለጋ ወጣሁ። ልጆቹ በሙሉ ቦዩ ዳር ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። ለካ ሲፈን ከጎጆዋ የወደቀች ጫጩት በሹራቧ ጠቅልላ ልታመጣልኝ ስትል፣ እትዬ ጫልቱ ነጭ አበባ ካወጣው ቀጋ ሥር አስመልሰዋታል። የጫጩቷ እናት መምጣቷን ሳያዩ ማንም ንቅንቅ አይልም። አፌን ልከፍት ስል ቀና ብለው አዩኝና «ተቀመጪ ልጄ፤ ቁመትሽ ያስፈራታል» አሉኝ። አጭር መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሳቄን እያፈንኩ ተቀመጥኩ። እናቲቱ ድንቢጥ በአፏ ትል ይዛ ስትመጣ እትዬ ጫልቱ እጄን ያዝ አደረጉኝ። ምሳው ቀዘቀዘ፤ እኔም ረሳሁት።

የተቀበሩ ዕለት አደይ ገና መፈንዳቱ ነበር። ለመቃብሩ አበባ ቀጥፈው እንዲያመጡ ልጆቹ ተላኩ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንድ የዕድሩ ሽማግሌ፣ ለእሳቸው እንኳን አበባ ትነፍጋላችሁ ወይ ብለው ተቆጧቸው።

«ቀጥፈናል» አለች ሲፈን እያለቀሰች። «በዓይን ነው የቀጠፍነው።»

ሽማግሌው ራሷን ዳበስ አደረጓት።

ከቀብር መልስ ሕዝቡ ድንኳን ሲገባ ልጆቹ የሉም። ልፈልጋቸው ስመለስ፣ አዲሱ አፈር አጠገብ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ተነሱ፣ እንሂድ ልል ነበር። ሲፈን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አጠገቧ ያለውን መሬት አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ አንዲት ድንቢጥ መጥታ አፈሩን መጫር ጀመረች። ያን ጊዜ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ ያቺን ወፍ እንዳያስደነግጡ በሹክሹክታ፣ ተራ በተራ አደያቸውን ለእትዬ ጫልቱ ነገሯቸው። እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

እትዬ ጫልቱ፣ ዘንድሮ አደዩን ሳያዩ ሄዱብን። ልጆቹ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ቦዩ ዳር ያለው ሁሉ ፈንድቷል፣ ከእነሱ አንድም የቀጠፈ የለም። ከእንግዲህ ቅዳሜ የማወጣቸው እኔ ነኝ። የወፎቹን ስም ገና አላውቅም። ቁጭ ማለቱን ግን አስተምረውኛል፤ እዚያው ቀጋው ሥር እንቀመጣለን። ደህና ይረፉ፣ እናቴ።