ጭሱ ወደ ላይ የወጣ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ደብረ ማርቆስ ለሠራው ቤት የእንጨት ማሞቂያ አስገጥሞ «እማ፣ መጥተሽ መርቂልኝ» ብሎ ጠራኝ። ሳሎኑ ጥግ ላይ ባለመስታወት በር ጥቁር ምድጃ ቆሟል፤ ቧንቧው ጣሪያውን በስቶ ወጥቷል። ልጄ ፍልጡን ጠቅጥቆ ክብሪት ሊጭር ሲል እጁን ያዝሁት።

«መጀመሪያ ውጣና የቧንቧው አፍ ክፍት መሆኑን እይ።»

«እማ፣ አዲስ እኮ ነው!»

«ይሁን፤ ውጣና እይ።»

እየሳቀ ወጣ። ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ አያውቅም፤ እኔም ነግሬው አላውቅም።

ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደ ወጣሁ የተመደብሁት ሮብ ገበያ በሚባል ትንሽ ከተማ ነበር። የጮቄ ተራራ ከራስጌው ነውና የዚያ አገር ብርድ እንደ እንግዳ መጥቶ የሚሄድ ሳይሆን አብሮ የሚኖር ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ጠመኔ የያዘ ጣቴ እስኪፍታታ ድረስ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በቃል ብቻ አስተምር ነበር። ቤት የተጋራሁት ከደሴ ከመጣች የሒሳብ መምህርት ጋር ነው፤ ዘይነባ ትባላለች። ስትመጣ «ብርድ ለእኔ ብርቅ አይደለም» ብላ ነበር። በሳምንቱ ሁለት ካልሲ ደርባ፣ ባና የሚሉትን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ተከናንባ የተማሪ ደብተር ታርም ጀመር።

አከራያችን እትዬ ይመኙሻል ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ ቶሎም የሚራሩ ሴት ነበሩ። ክፍላችን ውስጥ ከእኛ በፊት የተከራየ የግብርና ባለሙያ ከግማሽ በርሜል ያስበየደው ምድጃ ነበር። ሲቀየር መኪናው አልችል ብሎት ትቶት ሄደ፤ እትዬ ይመኙሻልም ጌሾ ይከምሩበት ነበር። ጌሾውን አንሥተን እሳት ያነደድን ዕለት ቤቱ በጭስ ታፍኖ ሁለታችንም እያለቀስን ወደ ውጭ ሮጥን። እንጨቱ እርጥብ ነበር።

ቀስ በቀስ ግን ጠባዩን አወቅነው። ፍልጡ ጣሪያ ሥር ከርሞ ሲመታ «ቋ» ካላለ አይነድም። አመዱን ሙልጭ አድርጎ መጥረግ አያስፈልግም፤ ጥቂት ሲተውለት ፍሙን አቅፎ ያቆያል። ከበሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ሲከፍቷት ይንቀለቀላል፣ ሲያጠቧት ይረጋል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይነድና ቶሎ ያልቃል፤ ከተራራው የሚመጣው አስታ የሚሉት ቁጥቋጦ ግን ቀጭን ሆኖ ሳለ ሙቀቱ ሌላ ነው። ማታ ማታ ድንች በላዩ ደርድረን ቆዳው ሲሰነጠቅ በአዋዜ እንበላ ነበር። ዛሬም ድረስ የተጠበሰ ድንች ሲሸተኝ የደብተር ክምርና የዘይነባ ሳቅ ይታወሰኛል። ያልተማርነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቧንቧ እንደሚጠረግ።

ሰኔ ገባና ዝናቡ ያዘ። የፈተና ሰሞን ነው። ትሁን የምትባለው የእትዬ ይመኙሻል ልጅ ለመጀመሪያ ልጇ ነፍሰ ጡር ሆና እናቷ ዘንድ ልትታረስ መጥታ ነበር። ቀኗ ገና ሳለ ምጥ ያዛትና ጤና ጣቢያ ወልዳ ተገላገለች። ሕፃኗ ሴት ናት፤ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማትበልጥ፣ ድምፅዋ እንደ ጫጩት። ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ትሂድ ተባለ። ግን ጎርፉ መንገዱን በልቶት አምቡላንሱ ከወንዙ ማዶ ቀረ። የትሁን ባል ከሰፈሩ ሰው ጋር አካፋና ዶማ ይዞ መንገድ ሊያበጅ ወረደ።

አዋላጇ ነርስ እናትና ልጅን ይዛ እኛ ቤት ድረስ መጣች። እትዬ ይመኙሻል በሩ ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ጭስ የሌለው እሳት ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው» አሉ። ዘይነባ አልጋዋን ወደ ምድጃው እየጎተተች ነበር።

ነርሷ ሕፃኗን ራቁቷን ከትሁን ደረት ላይ አስተኝታ በነጠላና በባና ጠቀለለቻቸው። «ከዚህ እንዳትወርድ። ቤቱም አይቀዝቅዝ» አለችን። «መንገዱ እስኪከፈት ሥራችሁ ይኸው ነው» ብላ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሰች።

ያን ሌሊት በየተራ እንጨት ጨመርን፤ ደህና አለፈ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በረዶ እንደ ጠጠር ጣሪያውን ይደበድብ ጀመር። እኔ ፍልጥ ስጨምር ጭሱ በምድጃው በር ተመልሶ ፊቴን መታኝ። ዘጋሁት። በየመገጣጠሚያው ይተን ጀመር። ትንሿን ቀዳዳ ከፈትሁ፤ ባሰ። ትሁን ከአልጋዋ ላይ «ራሴን ያዞረኛል» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ተጎትቶ ነው የወጣው። ዘይነባ ዘላ የቤቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ብርዱ ውኃ ይመስል ገባ።

«ዝጊው! በእመብርሃን ዝጊው! ልጂቱ በብርድ ትሙት?» እትዬ ይመኙሻል ጮኹ።

«እትዬ፣ ከዘጋነው ጭሱ ይገድላቸዋል!»

«ብርዱስ?»

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ለምን እኔን እንዳዩ እስካሁን አላውቅም፤ ምናልባት ለምድጃው የቀረብሁት እኔ ስለሆንሁ ነው። ትንሿ እግር ከባናው ወጥታ ታየችኝ፤ ሰም የመሰለች።

«እሳቱን እናወጣዋለን» አልሁ። «እትዬ፣ እርስዎ ትሁንን ከኋላ እቀፏት፤ ያለውን ልብስ ሁሉ ጫኑባቸው። በሩ አይዘጋ።»

ፍሙን በአካፋ እየዛቅሁ ግቢው ውስጥ ደፋሁት፤ በረዶው ላይ ሲወድቅ ጮኸ። እጄን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ የቧንቧውን መታጠፊያ ነቀልሁ። ውስጡ ጥቀርሻ እንደ ቅጥራን ተጋግሮበት ጣት እንኳ አያሳልፍም። ዘይነባ እሱን በድንጋይ እየቀጠቀጠች ስታራግፍ እኔ መሰላል አቁሜ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮው ያንሸራትታል፣ በረዶው አንገቴ ውስጥ ይገባል። የቧንቧውን ቆብ አንሥቼ በረጅም አጠና ወጋሁ፣ ወጋሁ። አንዳች ነገር እንቢ ብሎ ያዘኝ። በሁለት እጄ ተጭኜ ስገፋው ድንገት ለቀቀና ተንኮታኩቶ ወረደ።

ከሥር ዘይነባ ስሜን እየጠራች ስትጮኽ ሰማሁ፤ «ሰማይ! አስካል፣ ሰማይ ታየኝ!»

ቧንቧውን ገጥመን በቀጫጭን አስታ አነደድን። ጭሱ መጀመሪያ አመነታ፤ ጥቂት ወደ እኛ ተመለሰ። ዘይነባ የፈተና ረቂቅ ወረቀት ጠቅልላ ለኩሳ ከቧንቧው ሥር ከተተችው፤ ያኔ ምድጃው ሳበ። «እህህም» የሚል ጎርናና ድምፅ አወጣ። እትዬ ይመኙሻል ወደ ግቢው ሮጠው ወደ ላይ አዩና «ወጣ! ቀጥ ብሎ ወጣ!» እያሉ እልልታቸውን አቀለጡት።

በሩን ዘጋነው። ቤቱ ሲሞቅ ነርሷ ጭቃ በጭቃ ሆና ደረሰች፤ የትሁንን ዓይን አየች፣ እጇን ከባናው ሥር ከትታ የሕፃኗን እግር ያዘች። እኔ ፊቷን ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ ፈገግ አለች። «ሙቅ ናት» አለች። «በሉ ጡት ትቅመስ።» ትንሿ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ጡቱን ያዘች፤ ስትውጥ ይሰማል። ትሁን ማልቀስ ጀመረች፤ እኛም ተከተልናት። ፊታችን በጥላሸት ስለ ጠቆረ እንባው መንገድ መንገድ አውጥቶበት ነበር፤ እርስ በርስ ተያየንና ሳቃችን መጣ።

መንገዱ በነጋታው ተከፍቶ እናትና ልጅ በአምቡላንሱ ሄዱ። ከማርቆስ ሲመለሱ ልጂቱ ጉንጭ አውጥታ ነበር። ክርስትናዋ ላይ ዘይነባ በእጇ የሠራችውን የሱፍ ሹራብ ይዛ መጣች፤ ለልጂቱ ግን ሰፍቷት እስኪበቃት ዓመት ፈጀ። እኛም ከዚያ ወዲያ ቧንቧውን ሳንጠርግ ወር አሳልፈን አናውቅም።

የልጄ ምድጃ ደህና ነደደ። ልጄ ሻይ ሊያፈላ ወጥ ቤት ሲገባ ለዘይነባ ደወልሁላት፤ አሁን ኮምቦልቻ የልጅ ልጆቿ ዘንድ ናት። ያን ቀን ታስታውሺዋለሽ ወይ አልኋት።

«የቱን? ጭሱን?» አለች። «ወላሂ እሱን ረስቼዋለሁ። እኔ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ነርሷ ከሄደች በኋላ አንቺ፣ እኔና እትዬ ይመኙሻል ግድግዳውን ተደግፈን፣ እጃችንን እንኳ ሳንታጠብ፣ ገና ሳይመሽ እንቅልፍ ይዞን ሄደ። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ በኋላ ተኝቼ አላውቅም።»

እኔም አላውቅም። ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ ልጅ ወልጃለሁ፣ ድሬአለሁ። ያን ዕለት የተሰማኝን ግን ደስታ ብለው ያንስበታል። የሚፈራው ነገር ከቤት ወጥቶ ሲሄድ፣ ሰው ራሱን እንደ ከባድ ሸክም መሬት ላይ የሚያኖርበት ሰዓት አለ። ስልኩን ዘግቼ ጫማዬን አወለቅሁና እግሬን ወደ እሳቱ ዘረጋሁ። ልጄ ሻዩን ይዞ ሲመጣ አንቀላፍቼ አገኘኝ።