በእንጨት ጠመንጃ ያነሳኋቸው ሰዎች

በ1930 ዓ.ም. ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ጣልያን መተማን ይዟል፤ እኔ ደግሞ ምንም ሥራ አልያዝኩም። ገበያው ዳር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ አንድ ሰው የእንጨት ሳጥን በሦስት እግር አቁሞ፣ ክንዱን በጥቁር ጨርቅ እጅጌ ሳጥኑ ውስጥ ከቶ ሲያንጎራጉር አየሁት። ኡስታ ኢድሪስ ይባላል። ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት የመጣ ሱዳናዊ ፎቶ አንሺ ነው። እነሱ ኡስታ የሚሉት ሙያውን ጠንቅቆ የያዘን ሰው ነው።

«ይህን ሥራ አስተምረኝ» አልኩት።

ከራሴ እስከ እግሬ አየኝና፣ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ መጀመሪያ ውሃ አምጣ» አለኝ።

የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የኛ ቆላ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ በሞቀ ውሃ የታጠበ ፎቶ ፊቱ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፍፎ ይወጣል። ስለዚህ ውሃው ዚር በሚሉት ትልቅ የሸክላ ጋን ሆኖ ጥላ ሥር መዋል አለበት። ጋኑ ላቡን ያወጣል፣ ነፋስ ይመታዋል፣ ውሃው ይበርዳል። የመጀመሪያው ቀን ውሃ ስቀዳና ስሞላ መሸ። ሳጥኑን ንካ ያለኝ የለም።

ሳጥኑን ለማያውቁ ልንገራቸው። ፊት ለፊቱ መስተዋት አለው፤ መስተዋቱ ክዳን አለው። ውስጡ ወረቀትና ሁለት ጣሳ መድኃኒት ይቀመጣል። አንደኛው መድኃኒት መልኩን ያወጣዋል፣ ሁለተኛው እንዳይጠፋ ያጸናዋል። ክዳኑን ከፍተህ በልብህ ትንሽ ትቆጥርና ትዘጋዋለህ። ከዚያ እጅህን በእጅጌው አግብተህ ሳታይ በመዳበስ ታጥበዋለህ። መጀመሪያ የሚወጣው ግልባጩ ነው። ጥርሱ ጥቁር፣ ጸጉሩ ነጭ፣ ቀኙም ግራ ሆኖ ይወጣል። ያንን ግልባጭ ከሳጥኑ ፊት ሰቅለህ እንደገና ስታነሳው ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህን ስችል ኡስታ ኢድሪስ አሮጌ ሳጥኑን ሰጠኝ። «እኔ ገበያ እቀመጣለሁ። አንተ እግር አለህ፣ ወደ ሰዎቹ ሂድ» አለኝ። ሳጥኑን በአህያ ጭኜ ኮኪት፣ ገንዳ ውሃ፣ ሠርግ ባለበት፣ ክርስትና ባለበት ዞርኩ። አለቃ አልነበረኝም። ደስ ያለኝም እሱ ነው።

ኮኪት አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራዋን አንስቼ ግልባጩን እሾህ ላይ ሰቀልኩት። የሙሽራዋ እናት መጥታ አየችው። ጸጉሯ ነጭ፣ ጥርሷ ጥቁር።

«ኡኡ! ልጄን አሮጊት አደረጋት!»

ሠርገኛው ዱላውን እየያዘ ተነሳ። «እንደገና ልጅ አደርጋታለሁ፣ ትንሽ ታገሡኝ» አልኩ። ግልባጩን መልሼ አንስቼ ሁለተኛውን አወጣሁ። እናትየዋ አየችውና፣ «እኔንም ልጅ አድርገኝ» ብላ ከፊቴ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ግልባጭ ሰው ፊት ሰቅዬ አላውቅም።

ከሁሉ ያስቸገሩኝ ወንዶቹ ናቸው። የኛ አገር ወንድ ያለ ጠመንጃ ፎቶ አይነሳም። ጠመንጃውን ደግሞ ጣልያን ሰብስቦታል፤ ያልተሰበሰበውም ከጎሬው አይወጣም። «ይቁሙ ላንሳዎት» ስላቸው፣ «ባዶ እጄን? ምን ሆኜ?» ይሉኛል።

እኔም መላ ፈጠርኩ። ኡስታ ኢድሪስ ዘንድ፣ ጣልያን ከመግባቱ በፊት ምንሽር ይዞ የተነሳ የአንድ ሰው ግልባጭ ነበር። ዋናውን ባለቤቱ ወስዶታል። ግልባጩን ላንድ አናጢ ሰጠሁትና «ይህን አስመስለህ ጥረብልኝ» አልኩት። ከዋንዛ ጠረበው፤ ጥላሸት በሰሊጥ ዘይት ለውሰን ቀባነው። ከሩቅ ላየው ምንሽር ነው። ወንዱ ሁሉ እሱን ይዞ ደረቱን ነፋ። አንዱ ሲነሳ ሌላው ተራ ይጠብቃል።

እኔ በልቤ የምፈልገው ሌላ ነበር። ሰው ሥራው ላይ ሆኖ ማንሳት እፈልግ ነበር። ግመል የሚጭነውን፣ ማሽላ የምትወቃውን። ለኡስታ ኢድሪስ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። «ሰው ሲሠራ በየቀኑ ይታያል። በየቀኑ የሚታየውን ማን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል?» አለኝ። እሺ አላልኩትም። ግን ይሁን ብሎ የሚቆምልኝ ሰው አጣሁ።

አያ ወርቁ የኮኪት ገበሬ ናቸው። ትልቅ ማሳ አላቸው፣ ከዚያ የበለጠ ትልቅ ኩራት አላቸው። በእንጨቱ ጠመንጃ አነሳኋቸውና ፎቶውን ቤታቸው ሰቀሉት። እንግዳ ሲመጣ፣ «ያ ምንሽሬ ነው» ይላሉ። አንድም ቀን እንጨት ነው ብለው አያውቁም። እኔም ምን አገባኝ።

ሰሊጡ ሊታጨድ በደረሰበት ሰሞን፣ የጣልያን ዘበኞች ውሃ ሊጠጡ ቤታቸው ጎራ አሉ። ግድግዳውን አዩ። ፎቶውንም ሰውየውንም ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ማለዳ ባለቤታቸው እትዬ አለሚቱ መተማ ድረስ መጡብኝ። ነጠላቸው ወገባቸው ላይ ታስሯል።

«አንተ ፎቶ አንሺ! ባሌን አሳሰርክልኝ!»

«አያ ወርቁ እንጨት ነው አይሉም እንዴ እትዬ?»

«እሳቸው ይላሉ? ‹ጠመንጃው የኔ ነው፣ አላስረክብም› ብለው ተቀምጠዋል እንጂ! ካላስረከቡ ጎንደር ይላካሉ። ጎንደር የተላከ ሰው ሲመለስ አይተሃል? ሰሊጡስ? ዛሬ ነገ ሲባል መሬት ላይ ይረግፋል!»

ሰሊጥ አይጠብቅም። ሲደርስ ፍሬው ይፈነዳል፣ አንድ ሳምንት ያዘገየ ገበሬ የሚያጭደው ገለባ ነው። ግን እኔን ያስፈራኝ ጎንደሩ ነው። የእንጨቱን ጠመንጃ በሰሌን ጠቅልዬ ወደ ዘበኞቹ ሰፈር ተከተልኳቸው።

የዘበኞቹ አለቃ ማርሻሎ የሚሉት ጣልያን ነበር። ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ ይገድለዋል፣ እግሩን ባልዲ ውሃ ውስጥ ከቶ ተቀምጧል። አስተርጓሚው አጠገቡ ቆሟል። አያ ወርቁ ታስረው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሰሌኑን ፈታሁት። «ጌታዬ፣ ጠመንጃው ይኸው። እንጨት ነው። ለፎቶ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

አያ ወርቁ ብድግ አሉ። «ውሸቱን ነው! ይህን ልጅ አላውቀውም! እኔ በእንጨት የምነሳ ሰው ነኝ?»

«አንቱ ሰው፣ ዝም ይበሉ!» አሉ እትዬ አለሚቱ።

«ዝም አልልም! የኔ ምንሽር ጥይት ትጎርሳለች!»

አስተርጓሚው ይህን መተርጎም ፈራ መሰለኝ። ማርሻሎ ጮኸበት፤ ተረጎመ። ማርሻሎ በኔ ላይ አፈጠጠ። «ሰውየው ጠመንጃ አለኝ ይላል፣ አንተ የለውም ትላለህ። እንግዲያው ሁለታችሁም ጎንደር ትሄዳላችሁ» አለ።

እትዬ አለሚቱ እያለቀሱ ባላቸውን ይሰድባሉ፣ እየሰደቡ ያለቅሳሉ።

ማርሻሎ እግሩን ከባልዲው አወጣና የእንጨቱን ጠመንጃ አነሳ። እንደ ወታደር ትከሻው ላይ አስደግፎ አነጣጠረ። ከዚያ ጥይት ሊያጎርስ ቀኝ እጁን ወደ ማጉረሻው እጀታ ሰደደ። እጀታ የለም። ቀኙን ዳበሰ፤ ልሙጥ እንጨት ነው። ገልብጦ አየው። እጀታው በግራ በኩል ነው።

ፎቶውን ከጠረጴዛው አነሳ። አያ ወርቁ በያዙትም ላይ እጀታው በግራ ነው። አንዴ እንጨቱን አየ፣ አንዴ ፎቶውን አየ።

«ጠመንጃ ሠላሳ ዓመት ይዣለሁ። እንዲህ ያለ ምንሽር የሠራ አገር የለም» አለ በአስተርጓሚው።

ያን ጊዜ ነው ለኔም የገባኝ። አናጢው የጠረበው ከግልባጩ ነው፤ ግልባጭ ላይ ቀኙ ግራ ነው። እሱም እኔም ምንሽር ተኩሰን አናውቅም፤ ያንን ያህል ወንድ ሳነሳም ደረቱን ከመንፋት በቀር የጠመንጃውን ጎን ያየ አልነበረም። ይህን ለማርሻሎ አስረዳሁት። ሳቅ ያዘው። ወንበሩ ተንቀጠቀጠ፣ ባልዲው ተደፋ። ዘበኞቹም ሳቁ። እትዬ አለሚቱ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። ያልሳቁት አያ ወርቁ ብቻ ናቸው።

ማርሻሎ፣ «ፍቱት» አለ። እኔ ላይ ጣቱን ቀሰረ። «ከዛሬ በኋላ ጠመንጃ ይዞ የተነሳ ሰው ባይ፣ እውነትም ይሁን እንጨት፣ የምጠይቀው አንተን ነው።» ጠመንጃውንም ፎቶውንም እሱ አስቀረ። ለጓደኞቹ ሊያሳይ ነው መሰለኝ።

በመንገድ ላይ አያ ወርቁ እየተቆጡ ቀደሙኝ። እኔም ፈርቼ ከኋላ ቀረሁ። ኮኪት ልንደርስ ስንል ድንገት ቆመው ዞሩ።

«እንጨት መስጠትህ ይሁን። ምነው ቀኙን እንኳ ብትሰጠኝ?»

«ይቅር ይበሉኝ አያ ወርቁ።»

«አገሩ ሁሉ ሊስቅብኝ ነው። ግድግዳዬም ባዶ ቀረ።»

«ሌላ ላንሳዎት።»

«ምን አስይዘህ? የእንጨት በሬ?»

«ምንም አላስይዝዎትም። የያዙትን ይያዙ።»

«ነገ የምይዘው ማጭድ ነው። ላንተ ብዬ ሥራ አልፈታም፤ ሰሊጡ እየረገፈ ነው» አሉ።

እትዬ አለሚቱ ቀደም ብለው ይሄዱ ነበር፤ ሳይዞሩ፣ «ማጭዱ በቀኝ ይሁን!» አሉ።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። ሰውን የራሱ ያልሆነ ዕቃ አስይዛችሁ አታንሱ። ፎቶውን የሚያየው የተነሳው ሰው ብቻ አይደለም፤ ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ የሚታሰረው እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ውሃዬን ጤዛው ሳይደርቅ ሞልቼ፣ ሳጥኑን በአህያ ጭኜ አያ ወርቁ ማሳ ደረስኩ። ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ። የሳጥኑን እግር ተክዬ ክዳኑን ያዝኩና፣ «አያ ወርቁ፣ አንዴ ቀጥ ይበሉልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ሳይሉ፣ «ሰሊጡን ቀጥ በል በለው!» አሉኝ። ክዳኑን ከፈትኩት።