እሳት የማንን በዓል ያከብራል?

ትናንት ጠዋት... ቁስቋም ሥር ካለው የኖራ ምድጃችን አፍ ላይ ሆኜ እሳቱን ሳይ፣ ዘጠኙ ሠራተኞቼ ነጭ በነጭ ለብሰው በፊቴ አለፉ።

«ምነው? ማገዶ የሚጨምረው ማን ሊሆን ነው?»

«አያ ተገኝ፣ ዛሬ እኮ ቁስቋም ናት! የዓመቱ!»

ክው አልኩ። በዓል የምታስታውሰኝ ሚስቴ ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና። እሷ ከሄደች ወዲህ ቀን የምቆጥረው በራሴ ጣት ነው... ሰው መጠየቅ አልወድማ።

የኖራ ድንጋይ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ ይነዳል። ትናንት ሦስተኛው ነበር። እሳቱ መሐል ላይ ከጠፋ ድንጋዩ ጥሬ ይቀራል፣ የአንድ ወር ድካም አፈር በላው ማለት ነው።

ይህ ደግሞ የሆነው ከፎከርኩ በኋላ ነው። የከተማው ግንብ ሥራ ሹም በቀደም መጥቶ «አያ፣ ሠራተኞችህ ሁሉ የአንድ አጥቢያ ልጆች ናቸው፤ እስቲ ከሌላም ቀላቅል» ቢለኝ፣ «ምነው፣ ሰርገኛ ጤፍ ልታደርገን ነው? የኔ ልጆች አንድ ልብ ናቸው። ይህ ኖራ ቢበላሽ መዶሻዬን ላስረክብህ!» ብዬው ነበር።

እውነቴን ነው፣ አንድ ልብ ናቸው። ዘጠኙም በአንድ ልብ ጥለውኝ ሄዱ።

እኔ ልማግድ? የቁስቋም ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ መሪው ሆኜ፣ በታቦቷ ቀን፣ ቄሱ እያዩኝ?

ማንም ሳያየኝ አንድ ሸክም እንጨት ምድጃው ውስጥ ጠቅጥቄ ቁልቁል ወደ እስላሞቹ ሰፈር፣ ወደ አዲስ ዓለም ወረድኩ። እዚያ ኑሩ የሚባል እስላም አለ፤ በጣልያን ጊዜ ኖራ ሲያቃጥል የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ወር ሥራ ቢጠይቀኝ «ሞልቶናል» ብዬ መልሼዋለሁ። አልሞላንም ነበር።

ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አያ ተገኝ! ምነው፣ በበዓልህ እኔ ደጅ?»

«እሳቱ... ሰው ይፈልጋል።»

«የኔ ዓይነት ሰው?»

«የተገኘ ሰው።»

ሳቀብኝ። እስኪበቃው ሳቀና አማቹን ጠርቶ ተነሣ። ስንደርስ ፍሙ ሊከስም ትንሽ ቀርቶት ነበር። ሁለቱ እስከ ማታ ማገዱ፤ እኔ ከነነጠላዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አዘዝኩ። የሚሰማኝ ግን አልነበረም።

ታቦቷ ከገባች በኋላ ሹሙ ጭሱን አይቶ መጣ።

«አያ! ለካ በዓሉን አስበህ ሰው ቀላቅለሃል! እንዲህ አርቀህ የምታስብ አይመስለኝም ነበር።»

«ታዲያስ!» አልኩት።

ኑሩ ከኋላዬ ሳል ያዘው። «አዎ ጌታዬ» አለ። «ለአረፋ ደግሞ እኛ ስንሰግድ አያ ራሱ ሊማግድልን ቃል ገብቷል።»

መቼ ገባሁ? ግን ሹሙ ፊት ምን ልበል... ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ።

ዛሬ ምድጃውን ከፈትነው። ኖራው እንደ ወተት ነጭ! መዶሻዬም እጄ ላይ ናት። ኑሩና አማቹን ቀጠርኳቸው... በራሴ ብልሃት መሆኑ ይታወቅልኝ።

ሲመሽ ኑሩን ጠጋ ብዬ «ያ አረፋ የምትሉት መቼ ነው የሚውለው?» አልኩት። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የበዓል ቀን ሰው ስጠይቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው... እሱም ማገዶ እንድሸከም!