ስኒ ሙሉ ጤፍ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ማህሌት አራት ጓደኞቿን አስከትላ ቤቴ መጣች። የትምህርት ቤታቸው የሮቦት ቡድን ናቸው። የዘንድሮው ውድድር ጨዋታ ይፋ ሆኖ በስልካቸው አሳዩኝ። ዓምና ሮቦቱ ኳስ እየለቀመ ቅርጫት ውስጥ ይወረውር ነበር፤ የእነሱን ፍጥነት የሚደርስበት አልነበረም። ዘንድሮ ውርወራው ቀርቶ፣ የተደራረቡ ጣውላዎች ተሸክሞ፣ አንዱንም ሳይጥል ወጣ ገባ ድልድይ መሻገር ሆኗል።

«ይኼም ጨዋታ ነው አባባ?» አለ ሮቦቱን የሚነዳው ናትናኤል። «የቀን ሠራተኛ አደረጉን እኮ። ሁላችንም ተስማምተናል፤ ለአዘጋጆቹ ማመልከቻ ይጻፉልን።»

ወደ እኔ መምጣታቸው አልገረመኝም። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሕጉን ግን ብቻዬን አንብቤ፣ ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ደጃፍ ዕድሜዬን ሙሉ ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። የእኔን ጽሑፍ ይዞ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ የወጣ ባለጉዳይ ጥቂት ነው። አርአያ እንዲሆናቸው ብዬ የመጀመሪያ ሥራዬን ከሳጥኔ አወጣሁ። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያየው ወረቀት ነው። ያን ቀን ግን ዘርግቼ ሳየው ዓይኔ ከጽሑፉ ይልቅ ከታች ካሉት ፊርማዎች የመጨረሻው ላይ አረፈ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርን። የሳይንስ መምህራችን በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሽቦ መኪና ያወዳድሩን ነበር። ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ተዳፋት እንለቃቸዋለን፤ ቀድማ ታች የደረሰች ታሸንፋለች። ኅዳር በእኛ አገር ደስ ይላል። ጭቃው ደርቆ፣ ገብሱ ታጭዶ፣ ነፋሱ የገለባ ሽታ ይዞ ይመጣል። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። የመኪናዬን ጎማ ከአሮጌ በረባሶ ቆርጬ፣ በሞራ አለስልሼ የምሠራበትን ዘዴ ማንም አላሳየኝም።

በሦስተኛው ዓመት መምህሩ ጨዋታውን ለወጡት። መኪናዋ ስኒ ሙሉ ጤፍ ጭና ትወርዳለች፤ ብዙ ጤፍ ያደረሰች ታሸንፋለች፤ ፍጥነት አይቆጠርም። «የሐሙሲት ነጋዴ እህሉ መንገድ ላይ ከፈሰሰ የመኪናው መፍጠን ምን ያደርግለታል?» አሉ።

ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ። አንድ ሰው ብቻ ዝም አለ፤ እንጉዳይ። ከአንበሳሜ በኩል የመጣች ልጅ ነበረች፤ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ተከራይታ ትማር ነበር። በዚያ ሳምንት ከስንቋ በሶ በጥብጣ እየሰጠችኝ መኪናዋን አሳየችኝ። ስኒ መያዣውን በጎማ ላስቲክ አንጠልጥላ፣ ከሥሩ የበግ ጠጉር ጎዝጉዛለች። ቀስ ብላ የምትሄድ፣ አስቀያሚ መኪና ነበረች። በጣቴ ብነካት ተወዛወዘች፤ ስኒው ግን ንቅንቅ አላለም።

«አባቴ ለውድድሩ ይመጣል» አለችኝ። «የሚዳሩኝ ለጥር ነው። 'የምታሳዪኝ ነገር ካለሽ ትማሪያለሽ' ብሎኛል።»

በሶዬን ጠጣሁ። ማታውኑ፣ ጨዋታው እንደ ዱሮው ይመለስልን የሚለውን ይኼን ማመልከቻ ጻፍኩ።

ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። «ፍጥነት የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ጤፍ ማመላለስ የአህያ ተግባር ስለሆነ» ይላል አንዱ ቦታ። ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግሩም ነው። የክፍሉን ልጆች አንድ በአንድ አስፈረምኩ። እንጉዳይን ሆን ብዬ የመጨረሻ አደረግኋት።

«የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አልኳት።

ወረቀቱን አየችው። «ለእኔ ይሻለኛል ብለህ ነው?»

«ለሁላችንም ይሻላል።»

«አንተ ከጻፍከው መቼም ሳታስበው አትጽፈውም» አለችና ፈረመች።

መምህሩ አንብበው ሲጨርሱ የመጨረሻውን ፊርማ ደጋግመው አዩ። «እንጉዳይም?» አሉ። «እንግዲያው እንደ ዱሮው» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። «እጅህ ጥሩ ነው። ያዘው፤ አንድ ቀን ታነበዋለህ።» እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

የውድድሩ ዕለት አባቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ከተዳፋቱ ግርጌ ቆመው ነበር። የእኔ መኪና ቀድማ ገባች፤ ተጨበጨበልኝ። የእንጉዳይ መኪና ሁላችንም ከገባን በኋላ እያዘገመች ደረሰች። ማንም ሳይጠይቃት ስኒውን ጤፍ ሞልታ ጭናባት ነበር። ልጁ ሁሉ ሳቀ።

«ይኼው ነው?» አሉ አባቷ።

«ይኼው ነው አባዬ» አለች።

«በይ እንሂድ።»

መኪናዋን እዚያው ትታ ተከተለቻቸው። በጥር ይፋግ በኩል ተዳረች ሲባል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ አይቻት አላውቅም።

«አባባ፣ ሰባተኛ ክፍል ሆነው ነው እንዲህ የጻፉት?» አለ ናትናኤል ወረቀቱን እያየ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ማህሌት ግን ጣቷን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳርፋ፣ «እንጉዳይ ማን ናት?» አለችኝ። ስንት እንግዳ ያየው ወረቀት ነው፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሙሉውን መናገር አቃተኝ። «ጨዋታው የእሷ ነበር» ብቻ አልኩ። ከዚያ፣ «ከእናንተስ ይኼን ድልድይ የወደደው የለም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ማህሌት አንገቷን ደፍታ፣ «እኔ ትንሽ ወድጄዋለሁ» አለች።

«ሁላችንም ተስማምተናል ስል የት ነበርሽ?» አላት ናትናኤል።

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ማመልከቻውን አልጻፍኩላቸውም። ቅር ብሏቸው ሄዱ፤ ናትናኤል ሽማግሌው ደክሟል ሳይል አልቀረም። አልደከምኩም። ዛሬም ብዕር ብይዝ ከእኔ የሚስተካከል በዚህ ከተማ የለም። ከሄዱ በኋላ ግን ያቺን ቀን ደግሜ አሰብኳት። ሁሉም በእኔ ዙሪያ ሲያጨበጭብ፣ ጎንበስ ብዬ የእንጉዳይን መኪና አይቻታለሁ። ጤፉ ከስኒው አፍ እኩል ነበር፤ አንዲት ፍሬ አልፈሰሰችም። አባቷ ገና አልራቁም ነበር። አንድ ክፍል ሙሉ ያስፈረመ አንደበት ነበረኝ፤ ከእኔ የሚፈለገው «ስኒውን ይዩት» ማለት ነበር። ሁለት ቃል።