አብራ በልታለች

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የእህቴ ልጅ ሊያ የጎረቤታችንን ሕፃን ደጃፋችን ላይ ስታበላ አየኋት። ስድስት ዓመቷ ነው። ፍትፍቱን ወደ ራሷ አፍ አስጠጋችው፤ «እምም» ብላ ባዶ አፏን አላመጠች፤ ከዚያ ያንኑ ለሕፃኑ አጎረሰችው። ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እጄ ገመዱ ላይ ቀረ። ከእናቷ አይታው አይሆንም፤ እናቷ ስትሞት ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ደግሞስ ሕፃን ሲያበላ እንደዚያ የማያደርግ ማን አለ? እንዲህ እያልሁ ልረሳው ሞከርሁ። አልሆነም።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቴ አላስገባ ብሎኝ፣ ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ሥራ ፈትቼ የተቀመጥሁበት ዓመት ነበር። አንድ የጥናት ቡድን መረጃ የሚሰበስቡ ወጣቶች ፈለገ። ሥራው ለማስረዳት ያስቸግራል። እናቶች ትንንሽ ልጆቻቸውን ሲያበሉ አጠገባቸው ተቀምጦ መቁጠር ነው። ስንት ጉርሻ ተሰጠ፣ ስንቱ ተተፋ፣ እናትየዋ አባበለች ወይስ አስገደደች፣ ልጇን ነው የምታየው ወይስ ሌላ ሰው ታነጋግራለች፣ አብራ በልታለች ወይስ አልበላችም። ለሁሉም ወረቀቱ ላይ ሣጥን አለው፤ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ታዛቢ አይናገርም፣ አያግዝም፣ የቀረበለትን አይበላም። በእኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ ጉርሻ እንቢ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ያወቁ አይመስለኝም። እኔ ግን ወደድሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አምኖ ሥራ የሰጠኝ ያኔ ነው።

የደረሰኝ ጣና ዳር ያለችው ቁንዝላ ነበረች። እታለም፣ ታላቅ እህቴን እንዲህ ነበር የምጠራት፣ እዚያ ለአንድ ዓሣ አስጋሪ ተድራ ትኖር ነበር። ከተመዘገቡት ቤቶች አንዱ አገር ሲለቅ፣ የእሷ ልጅም ዕድሜዋ እንደሚደርስ ነገረችኝ። አስተባባሪያችንን ጠየቅኋቸው። ዘመድ ባይሆን ይሻል ነበር፣ ግን ሌላ ቤት የለም፣ ዝም ማለት ከቻልህ ግባ አሉኝ። እንደምችል ነገርኋቸው።

ጥቅምት ነበር። ዝናቡ ቢያቆምም የመንገዱ ጭቃ ገና አልደረቀም። ከሐይቁ ዳር የእርጥብ መረብ ሽታ እስከ ቤቷ ድረስ ይመጣል። እታለም ከስታ ነበር። አላየሁም አልልም። ጎረቤቶቿ የምታጠባ ሴት ትከሳለች አሉ፤ እኔም ተቀበልሁ።

ሦስት ምሳ ታዘብሁ። በመጀመሪያው ቀን የዓሣ ወጥ ነበር። እሾኹን በጣቷ እየለቀመች ለሊያ ትፈተፍታለች። እጇ ወደ ራሷ አፍ ሲሄድ፣ ጉንጯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «አብራ በልታለች» ከሚለው ሣጥን ምልክት አደረግሁ። ያው ጉርሻ ተመልሶ ሊያ አፍ መግባቱን ግን ልብ ያልሁት ባለፈው እሑድ ሊያን ሳይ ነው።

ቀጥላ አንዱን ጠቅልላ ወደ እኔ ዘረጋች። ራሴን ነቀነቅሁ።

«እህትህ ስታጎርስህ ነው እንቢ የምትል?»

እርሳሴን አሳየኋት። ሳቀች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለህ ነው? በል ሁለት እሰጥሃለሁ።»

እንደገና ራሴን ነቀነቅሁ። ጉርሻውን ለድመቷ ጣለችላት።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን አየት አድርጋ «ይኼ ስለ እናትየዋ ሆድ አይጠይቅም?» አለች። ቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስትጨርስ ትንሽ ቆይ፣ የማማክርህ ነገር አለ» አለችኝ። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ፊቷን ወደ ሊያ መለሰች። እኔም «ሌላ ሰው አነጋግራለች» በሚለው ሣጥን ምልክት አደረግሁባት።

ስጨርስ ውጭ ሊወስደኝ የመጣው የቡድኑ መኪና ጡሩንባ ጮኸ። ሌላ ጊዜ ብያት ሮጥሁ። አስተባባሪያችን መኪናው ውስጥ ወረቀቶቼን አገላብጠው፣ የእኔ ከሁሉም ጥርት ያለ እንደሆነ ነገሩኝ። እስከ ባሕር ዳር ደስ ብሎኝ ተጓዝሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል። ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ባሏ ደግፎ ወደ ባሕር ዳር አመጣት። ውኃ እንኳ በግድ ነበር የሚወርድላት። ሐኪሙ ምግብ መዋጥ ያቃታት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀን። ባሏ ቀኑን ሐይቅ ላይ ነው የሚውል፤ አያውቅም። ወደ እኔ ዞረ። በክፋት አልነበረም።

«ወንድሟን ጠይቁት፤ ስትበላ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሲቆጥር የነበረው እሱ ነው።»

እታለም ከአልጋው ላይ እጄን ያዘች። «ልጁን ተዉት» አለች፣ በዚያ በቀረው ድምፅዋ። «እንዳያውቅብኝ ደብቄው ነው።»

ለእኔ ስትል እንደዋሸች የምናውቀው እኔና እሷ ነበርን። ሁዳዴ ሳይገባ ሞተች። ቀድማ ብትመጣ ትድን እንደነበር ሐኪሙን አልጠየቅሁም። መልሱን ፈራሁት፤ አሁንም እፈራዋለሁ። ያ ወረቀት የት እንዳለ አላውቅም። የትም ይሁን፣ በእኔ ምልክት እህቴ ሦስት ቀን ሙሉ አብራ በልታለች።

ሊያ አሁን ከእናቴና ከእኔ ጋር ናት። እሑድ ዕለት ሕፃኑን አብልታ ስትጨርስ ምሳዋን አቀረብሁላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ። ልማድ ሆኖብኛል።

«ጋሼ፣ ስበላ ለምንድን ነው ጉሮሮዬን የምታየው?» አለችኝ።

መልስ አልጠበቀችም፤ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋች። ጎረስሁ። አልወረደልኝም ብዬ ብጽፍ በወደድሁ። ግን ያለ ምንም ችግር ወረደ።