ከአደጋ በስተቀር

የልጄ ባል ፀጉር ቆራጭ ነው። ሱቁ ለብዙ ዘመን መስታወት አልነበረውም። መስታወት የሌለው ፀጉር ቤት ሚዛን እንደሌለው ሥጋ ቤት ነው፤ ደንበኛው አምኖ ይገባል፣ አምኖ ይወጣል፣ የደረሰበትን ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ትነግረዋለች። መስታወት የጠፋው እሱና ልጄ የገቡበት ማኅበር ስለሚከለክል ነው። የገዛ ፊቱን የሚያይ ሰው የፈጣሪን ፊት ይረሳል ይላሉ። ሳቅ፣ ማፏጨትና ቀለም ያለው የልብስ ቁልፍም ክልክል ነበሩ። እኔ ባሌ ከሞተ በኋላ ከሱቁ በላይ ካለችው ቤታቸው ገባሁ እንጂ ማኅበሩ ውስጥ አልገባሁም። ማኅበርተኞቹም አልጨከኑብኝም። ያልገባ ሰው አላዋቂ ነው፣ ይታዘንለታል። ገብቶ የወጣ ግን አውቆ አጥፊ ነው።

አማቼ አውቆ አጥፊ የሆነው በሻይ ትሪ ምክንያት ነው። ከረጅም ሕመም የተነሳ አንድ ሽማግሌ ሊላጭ መጣ። ተላጭቶ ሲያበቃ፣ "ልጄ፣ እስቲ ፊቴን አሳየኝ። አሁንም እኔው መሆኔን ልይ" አለው። አማቼ ትሪውን በእጅጌው ወልውሎ ፊት ለፊቱ ያዘለት። ሽማግሌው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዞር ዞር እያለ አየና፣ "ነኝ" ብሎ አመስግኖ ሄደ።

ሽማግሌው ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ማኅበሩ ዘንድ ደረሰ። አማቼን ስብሰባ መሀል አቁመው ተጸጸት አሉት። "ትሪው የተጫጫረ በመሆኑ እጸጸታለሁ" አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ጥፋቱ ሁለት ሆነ። አማቼ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። በማግስቱም ትልቅ መስታወት ገዝቶ ሰቀለ። ደንበኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን አዩ፤ አንዳንዶቹም በዚያው ሌላ ፀጉር ቤት ሄዱ።

ማኅበርተኛ ከወጣ ሰው ጋር አይነጋገርም፣ ሚስቱም ብትሆን። አንድ ነገር ብቻ ይፈቀዳል፤ ከአደጋ ማስጠንቀቅ። እሳት ሲነሳ አይቶ ዝም ማለት መግደል ነውና። የማኅበሩ አስተማሪ፣ ፂማቸውም ንግግራቸውም የተበጠረ ሰው ናቸው፣ ልጄን ጠርተው፣ "ክረምቱ እስኪወጣ ታገሺው። ካልተመለሰ ቤቱን ጥለሽ ወደ ማኅበሩ እህቶች ቤት ትገቢያለሽ" አሏት። እሺ ብላ መጣች። እሺ ማለት ከልጅነቷ ይቀናታል። የሚከብዳት ከእሺ በኋላ ያለው ነው።

መጀመሪያ መልእክተኛቸው እኔ ሆንኩ።

"እማዬ፣ ለሰውዬው ሾርባ ቀርቧል በይልኝ።"

"እማማ፣ ታጥቤ መጣሁ ይበሉልኝ።"

ሁለት ሰው ክርኑን ካሳረፈ በሚሞላ ጠረጴዛ ላይ የሰው ቃል ሳመላልስ የኔ ሾርባ ይቀዘቅዝ ነበር። አንድ ቀን ሰለቸኝና፣ "ዛሬ ጆሮዬ ደክሟል" ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱን ሳታይም፣ "ሾርባው ትኩስ ነው፣ ምላስ ያቃጥላል" አለች።

አማቼ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። መቃጠል አደጋ ነው። ሕጉ አልተነካም።

"እጠነቀቃለሁ" አለ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን አደጋ በአደጋ ሆነ። ደረጃው ያንሸራትታል። ያለ ሹራብ የወጣ ሰው ሳንባውን ይታመማል። የዚያ ሸሚዝ ቁልፍ ላልቷል፣ ወድቆ ሕፃን ቢውጠውስ? ቤታችን ሕፃን የለም። አንድ ቀን ደግሞ ለግድግዳው፣ "የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ልታገባ ነው አሉ" ብላ ጀመረችና ደነገጠች። አሰበች፣ አሰበች፣ "ሰርግ ላይ ሰው ይረጋገጣል" ብላ ጨረሰችው። አማቼም ፊቱን ሳያጥፍ፣ "እጠነቀቃለሁ" አለ። እንዲህ በፍርሃት ተከቦ የሚጫወት ባልና ሚስት አይቼ አላውቅም። ክረምቱ ግን እያለቀ ነበር፤ የልጄ ጓዝም በር ሥር ተቋጥሮ ተቀምጧል።

አማቼ በዚህ መሀል የሚጸልይበት አጥቶ ይንከራተት ነበር። ሰው ማኅበሩን ቢለቅ ጉልበቱ መንበርከክን አይለቅም። መጀመሪያ እያጨበጨቡ ወደሚዘምሩ ሰዎች ሄደ። ቶሎ ተመለሰ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"እማማ፣ መቼ እንደሚጨበጨብ ደንቡን ንገሩኝ ብላቸው ደስ ሲልህ አሉኝ። ደስ ሳይለኝ ቢቀርስ?"

በኋላ የአንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅ በረንዳ አገኘ። ጥቂት ሰዎች ከሥራ በፊት ይመጣሉ፣ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ይሄዳሉ። በቃ። አማቼ ልቡ አረፈ። ልቡ ያረፈበትን ነገር ግን እንዲሁ መተው አይችልም፤ አጥር ያጥርለታል። ከእንቅልፉ ነቅቶ ሱቁን እስኪከፍት አንዲት ቃል ላለመተንፈስ ማለ። ሻይ ሲፈልግ ብርጭቆውን ያሳየኛል። ወንበሩ ሲንቋቋ ዝምታውን እንዳይሰብርበት ቆሞ ይበላ ጀመር።

"ልጄ፣ ከሰንሰለት ወጥተህ በገመድ ታሰርክ" አልኩት። ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘኝ።

የልጄ ማስጠንቀቂያ ጠዋት ጠዋት ወለል ላይ ወድቆ መቅረት ጀመረ። "ብርዱ ይጎዳል" ትላለች፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል እንጂ እጠነቀቃለሁ የለም።

"እማዬ፣ ጠልቶኝ ይሆን?" አለችኝ ሳህን እያጠበች።

"እሱም እንዳንቺ ሕግ አክባሪ ሆኖ ነው" አልኳት። አልሳቀችም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም።

ክረምቱ ወጣ። አስተማሪው ሁለት እህቶችን አስከትለው በጠዋት መጡ። አማቼ ከበረንዳው ተመልሶ ቆሞ ዳቦውን ይበላል። አስተማሪው የሚንቋቋው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ተመልሷል?" አሉኝ።

"የት ሄዶ?" አልኳቸው።

ወደ አማቼ ዞረው ቢጠብቁት ቃል የለም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። "አየሽ፣ እህት፣" አሉ ለልጄ፣ "ሂጂም፣ ቅሪም አላለሽ። ከዚህ በላይ ምን ትጠብቂያለሽ? ጓዝሽን ያዢ።"

ልጄ ጓዟን አነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና ግድግዳውን ትታ ባሏን አየችው።

"ትናንት የቆረጥከው የአናጢው ፀጉር አምሮበታል" አለች።

ሁላችንም አደጋውን ጠበቅን። እህቶቹም ጠበቁ። አስተማሪው ትንሽ ታግሠው፣ "እና?" አሉ።

"እና ምንም። አምሮበታል።"

አማቼ ዳቦውን አስቀመጠ። ሱቁ ገና አልተከፈተም፣ መሐላው ገና አላበቃም። ፊቱ ቀላ፤ ሁለት መንገድ መሀል የቆመ ሰው ሆነ።

"ግራው ትንሽ ዝቅ ብሏል" አለ።

"አይታይም።"

"ይታያል። ጆሮው ጋ።"

"እኔ በደንብ አይቼዋለሁ፣ ምንም የለውም።"

"አንቺ ከሩቅ ነው ያየሽው።"

"ከሩቅ? ዳቦ ስገዛ አጠገቤ ቆሞ?"

ጓዙ መሬት ላይ መቼ እንደተቀመጠ አላየሁም። አስተማሪው ተነሡ፣ ሁለታችሁም ጠፍታችኋል ብለው ወረዱ። የሰማቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ ባልና ሚስቱ ገና የአናጢው ጆሮ ላይ ነበሩ።

በማግስቱ አማቼ አዋላጇ ዘንድ ሄዶ መሐላዬን አፈረስኩ ብሎ አለቀሰ። "ማን ማል አለህ?" አለችው። "እኛ ዝም የምንለው ጠዋት ስለሆነ ነው። ሰው ገና በደንብ ሳይነቃ ምን ይናገራል?" ይህን ሲነግረኝ ቅር ብሎት ነበር። አሁንም ይሄዳል፤ እዚያ ይቀመጣል፣ ቤት ሲመጣ ያወራል፣ አንዳንዴም ይበዛብኛል።

ልጄ በረንዳው አልሆነላትም። አንዴ ሄዳ እንቅልፍ ይዟት ተመለሰች። እህቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እሷ ግን እስካሁን ጠዋት የምትጸልየው የነሱኑ ጸሎት ነው። ሌላ አላውቅም ትላለች። ጸሎቱ መጨረሻ ላይ ከማኅበሩ የወጡትን የሚረግም አንድ ቦታ አለው። እዚያ ስትደርስ ሳል ይይዛታል። አማቼ ጨንቆት ሐኪም ዘንድ እንሂድ ቢላት፣ "ተወው፣ ጥሩ ሳል ነው" አለችው።