የካፖርቱ ቀረጥ

ባለፈው ሳምንት ልጄ በስልኳ መርጣ ከባሕር ማዶ ያዘዘችውን ጃኬት ከጉምሩክ ለማስለቀቅ አብሬያት ሄጄ ነበር። ስታዝዘው ዋጋው እዚሁ ጎንደር ሱቅ ውስጥ ከተሰቀለው ይረክስ ስለነበር «እሰይ የኔ ብልህ» ብዬ መርቄያታለሁ፤ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ግን ምርቃቴን መልሼ ወሰድኩት። ሠራተኛዋ በትሕትና እንዳስረዳችን ቀረጡ የሚታሰበው በጃኬቱ ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፣ ለማጓጓዣ በከፈልነውም ላይ ጭምር ነው፤ ጃኬቱም ይቀረጣል፣ የተሳፈረበትም ይቀረጣል፣ በዚያ ላይ ሌላው ግብር ይደረባል፣ ሁሉም ተደምሮ ሲያልቅ አንዱን ጃኬት ሁለቴ ገዝተነዋል ማለት ነው። የልጄ ዐይን እንባ አቀረረ። እኔን ደግሞ ሠራተኛዋ ፕላስቲኩን በምላጭ ስትቀደው የወጣው ሽታ ያዘኝ፤ የባዳ አገር መጋዘን ሽታ ነው፣ እኛ ዘንድ ምንም ነገር እንደዚያ አይሸትም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ የእናቴን ቀሚስ ይዤ እንዲህ ያለ መስኮት ፊት ቆሜ አሽትቼዋለሁ።

ያኔ የምንኖረው ከአዘዞ መንገድ ገባ ብሎ፣ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ በኪራይ ነበር። ከእኛ ክፍል ግድግዳ ተጋርታ የምትኖረው ትርንጎ ቤተ እስራኤል ናት፤ እንደ ብዙ ወገኖቿ ከወገራ መንደሯን ለቃ፣ ወደ እስራኤል «ተነሱ» የምትባልበትን ቀን ልትጠብቅ ጎንደር ገብታ፣ ጥበቃው ዓመታት ፈጀባት። እስከዚያው ሸክላ እየሠራች ትሸጣለች። የግቢው ሴት ሁሉ ወጡን የሚሠራው በትርንጎ ድስት ነው፣ ከትርንጎ እጅ ውኃ የሚቀበል ግን አልነበረም፤ እትዬ ዘነቡማ ልጆቻቸው ሲበሉ እንዳታይባቸው በር ይዘጋሉ። እናቴ እናኑ ግን ለዚህ ወሬ ጆሮ አልነበራትም። ሥጋ ሲሆን ሁለቱም በየሃይማኖታቸው ይለያያሉ፣ ሽሮ ሲሆን ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ ሐሜት ሲሆን ደግሞ ግድግዳው እንኳ አይለያቸውም፣ በግድግዳው በኩል ያወሩታል።

አባቴ ውበቱ የገብስ ነጋዴ ነበር፤ ነጋዴ ስል ግን ሀብታም እንዳይመስላችሁ፣ ከደባርቅ ጥቂት ጆንያ አስጭኖ፣ ለጋቢና የሚከፍለውን ቆጥቦ፣ ራሱም ከጆንያው ጋር አይሱዙው ላይ ተጭኖ የሚመጣ ሰው ነው። የደባርቅን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋቢ በሚሮጥ መኪና ላይ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል እንጂ ሰው አያሞቅም፤ አባቴ ቤት ሲገባ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ሳሉ ከግቢው በር ጀምሮ ይሰማን ነበር። ትርንጎ የመሄጃዋ ቀን ደርሶ ስትሰናበት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ «አያ ውበቱ፣ መጀመሪያ የማገኛት ደመወዝ ላንተ ካፖርት ነች፤ ይኸ ደረትህ ብዙ ታኅሣሥ አይሸከምም» አለችው። የሚሄድ ሰው ብዙ ይምላልና አባቴ ሳቀ።

ትርንጎ ግን ቃሏን አልበላችም። በዓመቱ መጨረሻ በእትዬ ዘነቡ ስልክ ደወለች፤ በግቢው ስልክ ያለው እሳቸው ቤት ብቻ ስለሆነ እናቴ የምታወራው እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ነው። ካፖርቱ መላኩን ነገረቻት፤ ቀጥላም አዲስ ልብስ ቀረጡ እንደሚከብድ፣ አሮጌ ሲሆን ግን ግምቱ ዝቅ እንደሚል ከቀደሟት ሰዎች ሰምታለችና «አሮጌ ነው በይ» ብላ አደራ አለቻት፣ ካፖርቱ ራሱ አዲስ ይሁን አሮጌ ሳታብራራ ስልኩ ተቋረጠ። እትዬ ዘነቡ የሰሙት እናቴ «አሮጌ? እሺ፣ አሮጌ ነው እላለሁ» ስትል ነው። እስከ ማታ ድረስ ግቢው በሙሉ ትርንጎ አሮጌ ጨርቅ መላኳን አወቀ፤ የሞተ ሰው ልብስ ነው የሚልም አልጠፋ። እናቴ ያን ዕለት እራቷን አልበላችም።

ጥቅሉን ልንቀበል ስንሄድ እትዬ ዘነቡ «ላጅብሽ» ብለው ተከተሉን፤ ማጀባቸው ለዐይናቸው ነበር። የጉምሩኩ ሰው ለስላሳ ሰው ነው፣ ዛሬም ቂም አልያዝኩበትም። ካፖርቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ አባቴን እስከ ጉልበቱ የሚሸፍን። ኮሌታው ተፈግፍጓል፣ ጫፉ ላይ አፈር አለ፣ አንደኛው ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተተክሏል። እናቴ ቀስ ብላ እጇን ወደ ኪሱ ሰደደች፤ አልገባላትም። የአዲስ ካፖርት ኪስ ከፋብሪካ ሲወጣ በክር የተዘጋ ነው፤ ትርንጎ ዕድሜዋን ካፖርት ለብሳ የማታውቅ ሴት፣ ገዝታ፣ አጥባ፣ ግድግዳ ላይ ፈግፍጋ ስታስረጀው ኪሱን መፍታት እንዳለባት አላወቀችም። እናቴ ያኔ ሁሉም ገባት፤ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት።

«እናቴ፣ መቼም አሮጌ ነው አይደል?» አለ ሰውዬው፣ መልሱን በአፏ ሊያጎርሳት ምንም አልቀረውም።

ከኋላችን እትዬ ዘነቡ ቀደሟት። «ኧረ አሮጌ ነው ልጄ፣ እኔ ምስክር ነኝ! እሷ አዲሱን ከየት አባቷ ታመጣዋለች?»

ሰልፉ ውስጥ የነበረ ሰው ሳቀ። ለእኛ ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር፤ እናቴ ዝም ብትል፣ ራሷን ብቻ ብትነቀንቅ፣ ካፖርቱ ያን ዕለት ቤታችን ይገባ ነበር። እናቴ ግን ቀና ብላ «አዲስ ነው» አለች። «ትርንጎ ለኔ አሮጌ አትልክም። ጻፍ፣ አዲስ ነው።»

«እናቴ፣ ያስቡበት» አለ የጉምሩኩ ሰው።

«አስቤበታለሁ።»

ሰውዬው አዲስ ብሎ ጻፈ። የተባልነውን ብር አባቴ የያዘውን ገብስ ሁሉ ቢሸጥ አይሞላውም። እኛ ለመበደር ስንሮጥ ደግሞ የመጋዘን ኪራይ ይቆጠራል፤ እኛ በእትዬ ዘነቡ ቤት ተኝተን ኪራይ፣ ካፖርታችን በመንግሥት ቤት ተኝቶ ኪራይ። በመጨረሻ ጊዜው አለፈና በሐራጅ ተሸጠ፤ ማን እንደገዛው አላወቅንም፣ እኔ ግን ለዓመታት በከተማው ግራጫ የለበሰ ሰው ባየሁ ቁጥር ኮሌታውን አያለሁ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሳትም። «ሸጋ አድርገሻል፣ ሰው በሌለበት አይታማም» ብሎ ጋቢውን ደርቦ ወደ ደባርቅ ወጣ።

ትርንጎ ደወለች። ለአያ ውበቱ ልኩ ሆነ ወይ? እናቴ «ልክክ ብሎለታል» አለች፤ ያቺ ልጅ የለፋችውን ልፋት አይታ እንዴት ሌላ ትበል። በሌላ ጊዜ ትርንጎ ለብሶት ፎቶ ይነሳልኝ አለች። ከዚያ በኋላ እናቴ የስልኩን ጩኸት ትፈራው ጀመር፤ «የለችም በሉልኝ» ትላለች፣ እትዬ ዘነቡም የለችም ይላሉ፣ የለችም ካሉ በኋላ ደግሞ ሰው ናቸውና ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው ይጠይቃሉ፣ ጨዋታው ይረዝማል። እሳቸውና ትርንጎ እንዲህ ተወዳጁ። አባቴ በሁለተኛው ታኅሣሥ ሞተ። ብርዱ ገደለው አልልም፣ ሐኪሙ ሌላ ስም ሰጥቶታል፤ ውስጤ የሚያምነውን ግን ማንም አያስለውጠኝም።

እኔ ጎረምሳ ስሆን ትርንጎ ለጉብኝት መጣች። ወፍራለች፣ ጸጉሯን ተቆርጣለች፣ አለቃቀሷ ግን ያው የወገራው ነበር። አባቴን አልቅሳ ስታበቃ እናቴን እጇን ያዘቻት።

«እናኑ፣ ምነው እንዲህ ራቅሽኝ? አሮጌ ላከችልኝ ብለሽ ነው አይደል? ወንድሜን ይንሳኝ አዲስ ነበር! ቀረጡ እንዳይከብድሽ ብዬ እኔው ነኝ ያስረጀሁት።»

«አዲስ እንደነበረማ አውቃለሁ» አለች እናቴ።

«ታዲያ ምን አስቀየመሽ?»

እናቴ እውነቱን ለመናገር አባቴ ሳይለብሰው መሞቱን መንገር ነበረባት፤ ትርንጎ ደግሞ ለብሶት ኖረ ብላ ነው የተጽናናችው። «እንዲያው ነው፣ ኑሮ ነው» አለች እናቴ። ትርንጎ እንባዋን ጠርጋ ተነሣችና ግቢውን ተሻግራ እትዬ ዘነቡ ቤት ገባች፣ እስኪመሽም ሳቃቸው ይሰማ ነበር። እናቴ ደጃፋችን ላይ ተቀምጣ አዳመጠችው። ከአባቴ ቀብር ወዲህ እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።